ጠበል የጠጣው ግድግዳ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ላይ "ይቺ ሴትዮ ከመቼ ወዲህ ነው የጀገነችው?" ብላችሁ እንዳትደናገሩ ነው። አልጀገንኩም። የፈሪ ሰው ፍርሃት ሞልቶ ሲፈስ ከሩቅ ላየው ጀግንነት ይመስላል፤ ወተትም ሲገነፍል የበዛ ይመስላል እኮ።

ውኃ እፈራለሁ። ጅብ እፈራለሁ። መብረቅ፣ ስብሰባ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ የቀበሌያችንን ሊቀመንበር እፈራ ነበር። እሱን እንኳ እንደ ጥፋት አትቁጠሩብኝ፤ በዚያ ዘመን ሊቀመንበር አለመፍራት ራሱ የሚያስፈራ ነገር ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ልጄ አስቴር ለአቅመ ሔዋን ልትደርስ ስትል በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ዛሬም የማነበው በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ስለዚህ የጻፍኩት ቢጎብጥ እናንተ እያቃናችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው በበረንዳ ነው። ባለቤቴ አቶ ግርማ የመጋዘን ጥበቃ ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን አለቃው ታሞ ሊጠይቀው ሄደና እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሻይ ጠጣ። በዚያው የበረንዳ አምሮት ለከፈው። ናዝሬት ከገበያው ጀርባ ያለችው ቤታችን የጭቃ ቤት ነች፤ የፊት ግድግዳዋ ሆዱን ነፍቶ ወደ መንገዱ ሊወድቅ ያስባል። መጠገን ነበረበት፤ እውነት ነው። ግርማ ግን በጥገና የሚመለስ አልሆነም።

"ሰው ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን ማየት አለበት" አለኝ።

"ቆመህ አትመለከትም?"

"ቆሞ የሚያይ ዘበኛ ነው፤ ተቀምጦ የሚያይ ባለቤት ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው።"

ይህን ሲለኝ አንጀቴን በላው። እሺ አልኩ። ሴት ልጅ አንጀቷ በተበላ ቁጥር እሺ እያለች ነው ቤት የሚፈርሰው።

ሊቀመንበሩ ተጠርቶ መጣ። አጭር፣ ቆፍጣና፣ ቁመቱን በድምፁ የሚያካክስ ሰው ነው። ደጃችን ላይ ቆሞ መንገዱን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየኝ፤ እኔ በሩ ኋላ ገባሁ። "እድሳት ይቻላል" አለ። "ወደ መንገዱ ግን ሁለት ክንድ ብቻ! ከሁለት ክንድ አንዲት ጣት ብታልፉ ግድግዳውን አፈርሰዋለሁ። የሕዝብ መንገድ ነው!"

"ሁለት ክንድ" አለ ግርማ።

"ሁለት ክንድ" አልኩ እኔም በሩ ኋላ ሆኜ።

ያኔ አንዳችንም "በማን ክንድ?" ብለን አልጠየቅንም። መጠየቅ ነበረብን። እኔ ራሴ አቡጀዲ ስገዛ ረጅሙን ወንድሜን ይዤ ሄጄ ነው የማስለካው፤ ነጋዴው ደግሞ አጭሩን ልጁን ይጠራል፤ ተከራክረን መሃል ላይ እንገናኛለን። ለጨርቅ የማውቀውን ብልሃት ለቤት ረሳሁት። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ጆሮ ያቆማል፣ አእምሮ ያስተኛል።

ግንበኛችን ቶላ ከወንጂ በኩል የመጣ፣ ሥራ የሚወድ፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው። ጠዋት ሲመጣ "አካም ቡልተን፣ የአስቴር እናት!" ይለኛል፤ ድምፁን ሰምቼ ቀና ስል መጀመሪያ የማየው ቀበቶውን ነው። ቆሞ ጉልበቱን የሚያክ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቶላ ነው። ያ ሰው ከክርኑ እስከ መሃል ጣቱ ጫፍ አንዴ ለካ፣ ሁለተኛ ለካ፣ ችካል ተከለ። እኔም "ሁለት ክንድ" ብዬ ቆጥሬ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ገባሁ።

የፊት ግድግዳው ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ኑሮ እንዴት ልንገራችሁ! ቤቱ ፊት የለውም። ሸራ ሰቅለን እንኖራለን፤ ነፋስ ሲመጣ ሸራው ይገለባበጣል፣ መንገደኛውም "እንደምን ዋላችሁ" እያለ ያልፋል። ሽሮ የምሠራው መኝታ ቤት፣ የምተኛው ከሲሚንቶ ከረጢት ጎን ነው። በወጡ ውስጥ አሸዋ አለ፤ ግርማ ሲያኝክ ወፍጮ ቤት ያለሁ ይመስለኛል። አንድ ቀን የጎረቤት አህያ እስከ ጓዳ ገብታ የጓያ ክኬን ጨርሳ በገባችበት ወጣች። ሌላ ቀን ደግሞ አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ሸራውን ገልጠው ገቡና አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"አንድ ጣሳ" አሉኝ።

"የምን ጣሳ አባቴ?"

"የጠላ ነዋ! ጠላ ቤት አይደለም?"

"መኖሪያ ቤት ነው።"

ዙሪያውን አዩና "እኔስ ደንበኛ ጠፍቶበት ነው ብዬ አዝኜ ነበር የገባሁት" ብለው ወጡ።

በዚህ መሃል ነው የሥራ ጉዞ የመጣብኝ። እኔ የአንድ መሥሪያ ቤት ክበብ ወጥ ቤት ነኝ። ባለፈው የግዢ ሰዎች ከመቂ ያመጡት ሽንኩርት ግማሹ በስብሶ ሠራተኛው "ይህ ወጥ ነው ወይስ ቅጣት?" ብሎ ተነስቶ ነበር። አለቃችን ጠርቶ "አንቺ ሂጂና ራስሽ መርጠሽ አስጭኚ" አለኝ። እኔ ከሞጆ ወዲያ አልፌ አላውቅም። ቤቴ ፊት የለውም፤ ክረምቱ እየመጣ ነው። "ቤቴን ለማን ትቼ?" ልል አፌን ስከፍት ጠረጴዛው ላይ ማኅተም አየሁ። "እሺ" አልኩ።

ሾፌሩ ከድር ይባላል። በኤንትሬ ካሚዮን ጋቢና ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ ከናዝሬት እስከ ዓለም ጤና ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ።

"እትዬ፣ ተኝተው ነው?" አለኝ።

"እየጸለይኩ ነው።"

"ለኔም ይጨምሩልኝ፤ ፍሬኑ ትንሽ ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል።"

ከዚያ በኋላ ጮክ ብዬ ነው የጸለይኩት።

መቂ ስንደርስ ደላላው "ሽንኩርቱ ገና ከማሳ አልወጣም፤ ነገ ኑ" አለን። ከድር ደስ አለው። "እትዬ፣ እስከ ነገ እዚህ ቆመን ፀሐይ ከምንጠጣ ዝዋይን ላሳይዎት። ሐይቅ አይተው ያውቃሉ?"

"በስዕል አይቻለሁ። በቃኝ።"

አልበቃኝም። ወሰደኝ። እውነቴን ልንገራችሁ፣ ስደርስ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ይህን ያህል ውኃ አንድ ቦታ ተቀምጦ፣ እኛ ናዝሬት ለአንድ እንስራ በቦኖ ወረፋ ፀጉር እንጓተታለን! ነጫጭ ትልልቅ ወፎች ምንቃራቸው ሥር ከረጢት አንጠልጥለው እንደ ገበያተኛ ይንጎራደዳሉ። ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ ወዲያው እፈራለሁ፤ ደስታ አበድሮ የሚቀበል ይመስለኛል።

ከድር የሚያውቀው ባለጀልባ ወደ ደሴቲቱ ገዳም ሊሻገር ነበር። "ግቡ" አለን። "አልገባም" አልኩ። "እንግዲያው እዚህ ይጠብቁን፤ ብቻ ወደ ቄጠማው እንዳይጠጉ፣ ጉማሬ ይወጣል" አለኝ ከድር። ከማንም በፊት ጀልባው ውስጥ የተገኘሁት እኔ ነኝ።

መሃል ስንደርስ ውኃው ውስጥ ሁለት ጆሮና ሁለት ዓይን ብቅ አለ። በሬ የሚያህል ነገር ጆሮው ግን የጥጃ ነው፤ እሱ ራሱ ተንኮለኛ ያስመስለዋል።

"አይዞዎት እናቴ" አለኝ ባለጀልባው እየቀዘፈ። "ጉማሬ ሣር እንጂ ሰው አይበላም።"

ወዲያው ነጠላዬን አየሁት። ጥለቱ አረንጓዴ ነው። አውልቄ ተቀመጥኩበት። የከድር ሳቅ ጀልባውን ሲያነቃንቀው ደግሞ ተሳልኩ፦ "ወላዲተ አምላክ! ከዚህ ከአውሬ አፍ አውጥተሽ ለቤቴ ብታበቂኝ ጠበልሽን በጀሪካን ይዤ ሄጄ ፊት የሌላት ቤቴን አራት ማዕዘኗን እረጫታለሁ!"

አወጣችኝ። ገዳሙ ደርሼ ተሳለምኩ፤ ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ጠበል ተቀዳልኝ። ስንመለስ የተሸከመው ከድር ነው። "ሱብሃነላህ! እናቴ ብታየኝ ምን ትል ይሆን?" እያለ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ አደረሰው። በማግስቱ መቂ ላይ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ እየጨበጥኩ መረጥኩ። ደላላው "እናንተ፣ ይቺ ሴትዮ ሽንኩርት ነው የምትገዛ ወይስ አማች የምትመርጥ?" አለ። ውስጡ የለሰለሰ ሁሉ ቀረ። በመጨረሻ ተሸንፎ አንድ ሳጥን ቲማቲም መረቀልኝ።

ናዝሬት ስንገባ ጀሪካኑንና ቲማቲሙን ቤት አወረድኩ፤ ግድግዳው ተነስቶ፣ የበረንዳው ቋሚ ቆሞ፣ ልስን ብቻ ቀርቶት አየሁ። ጀሪካኑን ጥግ አስቀምጬ ሽንኩርቱን ላስረክብ ወደ ክበቡ ሄድኩ። ስመለስ ቶላ ጀሪካኑን ገልብጦ ተቀምጦበት ዳቦ ይበላል።

"በውስጡ የነበረው የታለ?" አልኩ።

"ውኃው? ቦኖው ከጠዋት ጀምሮ ደርቋል። ሲሚንቶውን ከአሸዋው ደባልቄ ስጨርስ ባልዲው ባዶ፤ ሲሚንቶ ደግሞ ከጀመሩት አይጠብቅም። ፈጣሪ ሲሰጥ ጀሪካን አየሁ፤ አቡክቼ ግድግዳውን ለሰንኩበት።"

"ቶላ፣ ያ ውኃ አይደለም!"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

"ጠበል!"

ቶላ ዳቦውን ከአፉ አወጣ። "ያ ዋቃ!" ብሎ ፈጣሪውን ጠራና ረጃጅም ጣቶቹን አየ፣ ደግሞ አጠፋቸው፣ ዘረጋቸው። "ለካ ለዚህ ነው፤ ይቺ ሪህ ያለባት ጣቴ ዛሬ ውላ አልጠዘጠዘችኝም።"

እኔ በእግሬ ወደ ንስሐ አባቴ ወደ አባ ገብሬ በረርኩ። ስለቴን ሲሚንቶ በላው ብዬ አለቀስኩ። አባ በትዕግሥት ሰምተውኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

"የፈሰሰው ወለሉ ላይ ነው ግድግዳው ላይ?"

"ግድግዳው ላይ ነው አባቴ።"

"እልል በይ! ወለል ቢሆን ኖሮ ጉድሽ ነበር፤ ወይ ቤቱን ትለቂያለሽ፣ ወይ እንደ መላእክት ሳትረግጪ ትኖሪያለሽ። ግድግዳ ከሆነ ስለትሽን አብዝተሽ ነው ያደረስሽው። አንቺ ልትረጪው ነበር፤ እሱ ጠጣው። በሉ እንግዲህ እንዳትተፉበት፣ ምስማር እንዳትመቱበት፣ እንዳታፈርሱት።"

እንዳታፈርሱት! ይህን ቃል ጨብጬ ቤቴ ገባሁ። ደግ አደረግሁ፤ ልስኑ ደርቆ ሳይጨርስ ሊቀመንበሩ መጣ።

ብቻውን አልመጣም። ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች አሉ፣ ዶማ የያዙ ሁለት የቀን ሠራተኞች አሉ፣ ከኋላ ደግሞ ሥራ የሌለው የሰፈሩ ሰው ሁሉ አለ። ሊቀመንበሩ እጅጌውን ሰበሰበና ከአሮጌው ግድግዳ ቦታ ጀምሮ በራሱ ክንድ ለካ። እንግዲህ የእሱ ክንድ ከማማሰያዬ እጀታ ብዙም አትበልጥም። አንድ አለ፣ ሁለት አለ፣ ግድግዳው ገና ወዲያ ነው።

"ሦስት ሊሞላ ምንም አልቀረው!" ብሎ ጮኸ። "ሁለት ብዬ ሦስት! የሕዝብ መንገድ ተቆርጧል! አፍርሱት!"

ግርማ ወደፊት ቀረበ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ በግንበኛው ክንድ…"

"ግንበኛው ሊቀመንበር ነው?"

አሮጌው ግድግዳ የለም። ሲሚንቶ በወረፋ ነው፤ ወረፋችንን በልተናል። የጣሪያው አግዳሚ ያረፈው አዲሱ ግድግዳ ላይ ነው። ይህ ከፈረሰ ጣሪያው አብሮ ይመጣል፤ ሰማዩ ደግሞ በዝቋላ በኩል ጠቁሯል። ክረምቱን ከነልጄ ሜዳ ላይ ልከርም ነው። ፍርሃቴ ከእግሬ ተነስቶ ጉልበቴን አለፈ፣ ሆዴን ሞላ፣ ጉሮሮዬ ደረሰ፤ ከዚያ በላይ ቦታ ስላጣ በአፌ ወጣ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እርስዎ ያሉት ይሁን! ግን ያ ግድግዳ ጠበል ጠጥቷል! የደሴት ገዳም ጠበል! ዶማ የሚያነሳ ሰው አስቦ ያንሳ፤ እኔ በኋላ የለሁበትም!"

 አንደኛው ሠራተኛ ዶማውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠና አማተበ።

"ምን ሆንክ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"ሚስቴ እርጉዝ ናት ጓድ።"

ወደ ሁለተኛው ዞረ። "አንተስ? አንተ ሙስሊም ነህ፣ ምን አገባህ?"

"ሙስሊም ነኝ ጓድ። ቢሆንም ሰው ፈጣሪውን የለመነበትን ነገር በዶማ አልመታም። የእኛም ወልይ መቃብር እንዲህ ቢደረግ ደስ አይለኝም።"

የአብዮት ጥበቃዎቹን አያቸው። ጠመንጃቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እጃችን ሙሉ ነው የሚል ፊት አሳዩት።

"ሳይንስ! ሳይንስ የት ሄደ?" አለ ሊቀመንበሩ። "ውኃ ውኃ ነው! እኔ ራሴ አፈርሰዋለሁ!" ዶማውን አነሳ። ከሕዝቡ መሃል እናቱ እማማ ዘነቡ "አንተ ልጅ! እጅህን!" ብለው ጮኹ። እሱ ግን ከራሱ በላይ ከፍ አደረገና ባለ በሌለ ኃይሉ ሰነዘረ።

ናዝሬት በበጋ እንዴት እንደምታደርቅ የሚያውቅ ያውቃል። የዶማው እጀታ ደርቆ ተሰብስቦ ኖሯል። ገና ከፍ እንዳደረገው ብረቱ ከኋላው ዱብ አለ። ግድግዳዬ ላይ ያረፈው እንጨቱ ብቻ ነው፤ ልክ በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ ቋ! አለ።

እኔ ደግሞ ያ ሁሉ ፍርሃት ወጥቶ አልቆ ልማድ ብቻ ነው ውስጤ የቀረው። ደጅ ሲንኳኳ የምለውን አልኩ።

"ይግቡ! ቤት ለእንግዳ!"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አብዮት ጥበቃዎቹ ጠመንጃቸውን ተደግፈው ሳቁ። ሊቀመንበሩ እንጨቱን እንደያዘ ቀረ፤ ፊቱ ሲቀላ፣ ሲጠቁር። እማማ ዘነቡ በምርኩዛቸው ወደፊት መጡ። "ግባ እንጂ! አንኳኩተህ ግባ ተብለሃል። አሳዳጊ የበደለው አትሁንብኝ!"

ገባ። ምን ያድርግ! አዲሱ በረንዳ ላይ አስቀመጥነው፤ የመጀመሪያው እንግዳ እሱ ሆነ። የመቂን ቲማቲም በሽንኩርትና በቃሪያ ፈትፍቼ አቀረብኩለት። ከድንጋጤዬ ጨው አብዝቼበት ነበር፤ ግን አጎንብሶ ጨርሶ በላ። እንጀራ ከቆረሰበት ቤት ላይ ዶማ የሚያነሳ ሰው እኛ ሰፈር አልተወለደም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ደጅ የቆመው ሕዝብም ያውቃል። ያልታወቀው አፍርሱት ያለውን በምን አፉ እንደሚመልሰው ነው።

እጁን ታጥቦ ተነሳ። ቶላን ጠራው። "ክንድህን አሳየኝ።"

ቶላ ዘረጋ። ሊቀመንበሩ የራሱን አጠገቡ አደረገ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ሕዝቡ ዞረ፤ የስብሰባ ድምፁ ተመለሰለት።

"ጓዶች! እዚህ የተነሳው ጥያቄ የማን ክንድ ነው የሚለካው የሚል ነው። ጥናት አድርገናል። አብዮታችን የቢሮክራት ክንድ አይደለም! የላብ አደሩ ክንድ ነው ትክክለኛው መለኪያ! በላብ አደሩ ክንድ ሁለት ነው፤ ስለዚህ ሁለት ነው!"

ተጨበጨበ። እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። ቶላ "ከእንግዲህ ቤት የሚያድስ ሁሉ ና በክንድህ ለካልኝ ሊለኝ ነው" ብሎ ክንዱን በኮቱ ሸፈነ።

ክረምቱ መጣ። ዝናቡ ግድግዳዬን ደበደበው፤ አንዲት ስንጥቅ የለችም። ግርማ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ያያል፤ እንደ ባለቤት። ብቻ ቦታ ካገኘ ነው። ወሬው ተሰምቶ እማማ ዘነቡ በርጩማ ይዘው መጥተው የሚጠዘጥዝ ወገባቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። በማግስቱ ጎረቤታቸውን አመጡ። ጎረቤታቸው አማቷን። ከድር ራሱ በካሚዮን ሲያልፍ ቆም ብሎ "እትዬ፣ እኔም ተሸክሜዋለሁ እኮ፤ ድርሻ አለኝ" ይላል። ያኔ ሰው የማይገባበት ጠላ ቤት የመሰለችው ቤቴ፣ ደጇ ላይ ሰው ለመቀመጫ የሚሻማባት ሆነች።

አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ሊቀመንበሩ ብቅ አለ። ግርማ የለም፤ እማማ ዘነቡም ሄደዋል። ግራ ቀኙን አየ። "እንዲሁ ሳልፍ ነው" አለኝ። ቀኝ ትከሻውን ያሻል፤ ዶማውን ከሰነዘረ ወዲህ ወለም ብሎት ኖሯል። ቀስ እያለ ጀርባውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ዓይኑን ጨፈነ።

"ያው ውኃ ውኃ ነው፣ የአስቴር እናት" አለኝ ዓይኑን ሳይገልጥ።

እኔም፣ ያቺ ፈሪዋ፣ ያቺ በሩ ኋላ የምደበቀው፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ መለስኩለት።

"ልክ ነው ጓድ ሊቀመንበር፤ ውኃ ውኃ ነው። ብቻ ትንሽ ወደ ግራ ጠጋ ይበሉ። ጠበሉን አብዝቶ የጠጣው በዚያ በኩል ነው።"

ጠጋ አለ።